ማትላብ እና የጋዲሳ ዜሮ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ለክረምቱ የማስተርስ ትምህርት አዳማ ገባሁ። ሞጆ ላይ መኪና ስጠብቅ ዝናብ መታኝ፣ እዚህ ስደርስ ደግሞ ጸሐይ። ልብሴ ላዬ ላይ ደረቀ።

ዶርም ሁለተኛ ፎቅ። አብራኝ ያለችው ኡሙሰልማ ትባላለች፣ ሻሸመኔ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ። ሻንጣዬን ሳልፈታ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ጥሩ ልጅ።

የዘንድሮው ዋናው ኮርስ በማትላብ ነው አሉ። የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። "ቀላል ነው እትዬ" ትላለች ኡሙሰልማ። ለእሷ! እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መቂ ላይ በጠመኔ ነው ያስተማርኩት። ኮምፒውተር ላይ የማውቀው የፈተና ጥያቄ መተየብ ብቻ። ከወደቅኩ ማስተርሱ በአንድ ክረምት ይገፋል...

ባሌ ሐዲስ ደወለ። "በደህና ገባሽ?" ለእሱም ስለ ማትላቡ አልነገርኩትም።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

የኮምፒውተር ላብ ገባን። የላቡ ረዳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋዲሳ! ጋዲሳ ጀቤሳ። ክው አልኩ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አሥረኛ ክፍል፣ የእኔ ተማሪ። የማጠቃለያ ፈተናው ላይ ከባዱን ጥያቄ መልሱን ብቻ ጻፈ። ትክክል ነበር። ስሌት ግን አንድ መስመር የለውም። ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮው ባልከፋ... ክፍሉ ፊት አስቁሜ "ኮርጀሃል" አልኩት። "አልኮረጅኩም ቲቸር" አለ። አልሰማሁትም። ወላጅም አስጠራሁ።

ዛሬ ገና ሲያየኝ "ቲቸር ሽታዬ! አካም ጅርቱ?" ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ረስቶት ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሁሉም ማትላቡን ከፈተ፣ የእኔ እምቢ አለ። ዩኒቨርሲቲው ለሁላችንም ፈቃድ አለው፣ በተሰጠን ኢሜይል ነው የሚከፈተው። ሦስቴ ሞከርኩ። ለካ ፎርሙ ላይ ስሜን በእንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ ፊደል አጉድያለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ጋዲሳ ኢሜይሉን ወደሚያስተካክሉበት ቢሮ አብሮኝ ሄደ። መንገዱን በሙሉ ያን ዜሮ ላንሳው፣ ልተወው... ስለ ዝናብ አወራን።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ተከፈተ! ሁለት ሲደመር ሁለት ጻፍኩ። አራት አለኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዛሬ ቀይ በቀይ ሆኜ ዋልኩ። አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ እረሳለሁ፣ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ነጥብ ያለቦታው አደርጋለሁ፣ ቀይ። የሰው ልጅ ሥራ ላይ በቀይ ስጽፍ የኖርኩ ሴትዮ...

ስሌት የሚደጋግም ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ማቆሚያ ረስቼ ኮምፒውተሩ ሲዞር ቀረ። ኡሙሰልማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጋዲሳ መጥቶ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ አስቆመው። "ሁላችንም ላይ ደርሷል ቲቸር" አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ሲቆጣ አላየሁትም። እኔስ እንዲህ ነበርኩ? አልነበርኩም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

መጻፍ አለብኝ። ዛሬ የእኩልታ ሥር የሚፈልግ ኮድ ጻፍኩ፣ ራሴ። ጋዲሳን ጠራሁት። እኩልታውን አንድ ጊዜ አየና "ሁለትን ትንሽ ያልፋል" አለ። አስኬድኩት። ሁለት ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ። በአጋጣሚ ነው ብዬ ሌላ ጻፍኩ፣ ከበድ ያለ። ጣሪያውን አየት አድርጎ ነገረኝ። ልክ። ሦስተኛ። ልክ።

"እንዴት ነው የምታገኘው?"

"እንጃ... ይታየኛል። መጻፉ ነው የሚከብደኝ።"

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ልጁ አልኮረጀም ነበር።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ላብ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ። አላመመኝም።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ነገርኩት። ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ኮምፒውተሮቹን ሲያጠፋ። "ጋዲሳ፣ ያን ጊዜ አልኮረጅክም። በደልኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

የያዘውን ኮምፒውተር አጠፋ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አንድ ዓመት ሒሳብ ጠልቼ ነበር" አለ። "እሱስ አለፈ። እርስዎንም ይቅር ብያለሁ ቲቸር፣ ድሮ። አባቴን ነው ማስረዳት ያቃተኝ። አስጠርተውት የመጣ ቀን ገረፈኝ። እስከ ዛሬ ኮርጄ ይመስለዋል። ስመረቅ እንኳ... 'በራስህ ነው?' አለኝ።"

የቀሩትን ኮምፒውተሮች አብረን አጠፋን።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

መቂ ሄድኩ። ቤቴ ከመግባቴ በፊት የጋዲሳ አባት ኦቦ ጀቤሳ ማሳ። ሽንኩርት እየተጫነ ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፣ አርጅተዋል።

"ሽታዬ እባላለሁ። ጋዲሳን..."

"አውቅሻለሁ በርሲስቱ፣ አስተማሪዋ። ልጄን ኮረጀ ያልሽው።"

"አልኮረጀም ኦቦ ጀቤሳ። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ደላላው ከመኪናው ጋ እየጠራቸው ነበር። አልዞሩም።

"እኔ መታሁት እኮ" አሉ። "በአለንጋ። አስተማሪ ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።"

"አልዋሸሁም። ሳልጠይቅ ፈረድኩበት።"

"እሱ ይብሳል።"

እውነታቸውን ነው። ተነሱና በፌስታል ሽንኩርት ሞልተው ሰጡኝ። "ገለቶሚ" አሉ። ለምን እንዳመሰገኑኝ አልገባኝም።

ለሐዲስ ማታ ሁሉን ነገርኩት። ማትላቡንም። "ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ለጋዲሳ አባቱ ጋ እንደሄድኩ ነገርኩት። "እሺ ቲቸር፣ ሦስተኛውን መልመጃ እንይ" አለ። አየን።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከኡሙሰልማ ጋር ሶደሬ። እግራችንን ፍል ውሃ ውስጥ ነክረን ዋልን። ጦጣ ዳቦዬን ነጠቀኝ። ፍልሰታ ነው፣ ደግነቱ የጾም ዳቦ ነበር። ጦጣውም ይጹም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ተፈተንኩ። አራት ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት። ቀዩ ጽሑፍ ስንት ጊዜ መጣ... አነበብኩት፣ አረምኩት፣ ቀጠልኩ። ማንንም አልጠራሁም። ሦስቱን ሠራሁ፣ አራተኛው አልሞላልኝም። ያልፋል። አልፋለሁ።

ስወጣ ጋዲሳ በሩ ጋ ጠበቀኝ።

"አባቴ ትናንት ደወለ።"

"ምን አሉ?"

"ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ዝናብ... ሊዘጋው ሲል 'ለመሆኑ ያን ጊዜ መልሱ ስንት ነበር?' አለኝ።"

"አንተስ?"

"'ሰባት' አልኩት። 'ሰባት' አለ። እንደገና 'ሰባት' አለና ዘጋው።"

ዓይኑ ውሃ አቀረረ። እየሳቀ ግን።

እኔ ጥያቄውን ረስቼዋለሁ። ጻፍልኝ አልኩት። ከነቁጥሩ በቃሉ ያውቀዋል፣ ቆሞ ጻፈልኝ።

ዶርም ገብቼ ኮምፒውተር ሳልከፍት በእርሳስ ሠራሁት። አንድ ገጽ ተኩል ፈጀብኝ።

ሰባት ነው።