ክምሩን ንደው መልሰው የካቡት የአቶ ኢድዋል ፒው የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢድዋል ፒው ከአባታቸው ከአቶ ሃይዌል ፒውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ግዌን ሮውላንድስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1938 በክሬግ ዌርኒን ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ተራራውን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው። ለፒው ቤት ግን ዓለሙ ሁሉ እሱ ነበር።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የመምህሩን አርጩሜ በጉልበታቸው ሰብረው ተሰናበቱ። በድንጋይ ካባ ሲሠሩ ፈንጂ ሁለት ጣታቸውን ወሰደባቸው። ከ1961 ጀምሮ ከታናሽ ወንድማቸው፣ ከአባቴ ከኤምሪስ ጋር በግ ያረቡ ነበር። ትዳር አልመሠረቱም፤ ዘመድ ነኝና እውነቱን ልናገር፣ ያንን ቁጣ የምትችል ሴት አልተገኘችም።

በ1974 ጸደይ የአንድ ተራራ ወጪ ውሻ አሥራ አንድ እርጉዝ በጎች ዘነጣጠለ። አጎቴ ውሻውን በጥይት፣ ባለቤቱን በቡጢ ጣሉ። አልበቃቸውም፤ እንግዳ ዳግም ተራራው ላይ ዝር እንዳይል ቆረጡ። ተጓዦች መንገድ የሚለዩበትን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አያቶቻችን የካቡትን የድንጋይ ክምር ሊንዱ ድጅኖ አነሡ።

አባቴ፣ “ኧረ ተው ኢድዋል! ጉም ሲወርድ እኛስ በምን ልንመለስ ነው?” አሏቸው።

“እዚህ ተወልደህ ክምር ትፈልጋለህ? እንግዳ ነህ እንዴ!” ብለው አላገጡባቸው። ከዚያም ድንጋዩን አንድ በአንድ ወደ ገደል ለቀቁት።

በኅዳር ጉም ወረደ። አባቴ በግ ሊሰበስቡ እንደወጡ ቀሩ። ከክምሩ ወደ ግራ ይታጠፉ ነበር፤ ክምር ስላልነበረ ቀጥ ብለው ሄደው ገደል ገቡ። በሦስተኛው ቀን ያገኟቸው አጎቴ ናቸው። የአባቴ ፊት ተጨፍልቆ አይለይም ነበር፤ አጎቴ በኮታቸው ሸፍነው በትከሻቸው ተሸክመው አወረዷቸው።

በቀብሩ ላይ እናቴ ከገደሉ ሥር ያመጣችውን የክምሩን ድንጋይ ወርውራ የአጎቴን ግንባር ፈነከተች። አጎቴ እጃቸውን አላነሡም፤ ደማቸውንም አልጠረጉም። ድንጋዩን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻቸውን ሲክቡ ሰንብተው፣ ያንን ድንጋይ ከሁሉ በላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ከክምሩ ለማስታወሻ ጠጠር ያነሣ ተጓዥ ወዮለት፤ አፍንጫ ሰብረው ሁለት ጊዜ ታስረዋል።

እናቴ ሳትምራቸው አረፈች። እኔም ላልምራቸው ምዬ ነበር።

ሳንባቸውን የካባው አቧራ በልቶት ሁለት ዓመት ታመሙ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 27 ቀን 2022፣ በ83 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የቀረናቸው ዘመዶች እኔ የወንድማቸው ልጅ ሉነድና ሁለት ልጆቼ ነን።

ይህን ታሪክ አልጽፍም ብዬ ነበር። ትናንት የጠፋች በግ ልፈልግ ተራራው ላይ ወጣሁ። ጉም ድንገት ወርዶ እግሬ እንኳ አልታይ አለኝ፤ እንደ አባቴ መቅረቴ ነው ብዬ አለቀስኩ። ስዳብስ እጄ ክምሩን፣ ከክምሩም አናት እናቴ የወረወረችውን ድንጋይ ነካ። ወደ ግራ ታጠፍኩ። ልጆቼ ዘንድ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ይህን ጻፍኩ።

ጌታ ሆይ፣ እኔ አጎቴን ምሬያቸዋለሁ፤ አንተም ጉም ውስጥ አትተዋቸው።