ጋሽ ፓምፕና ሳይበላሽ የማይተካው ፕሮሰሰር

መሥሪያ ቤታቸው የላከው የሐዘን መግለጫ በ2016 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ ይላል። ባለቤታቸው ደግሞ አለቆቹ ደጅ ሲያስጠኗቸው ከርመው አንገፍግፏቸው ወጡ ይላሉ። ማመልከቻውን በእጃቸው መጻፋቸውም፣ መንገፍገፋቸውም እውነት ነው።

ጋሽ ፓምፕ በሚል ቅጽል የሚታወቁት ሟች ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤቱን ሬዲዮ ፈታተው ሲገጥሙት አንድ ብሎን ተረፋቸው፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ስለተናገረ አባታቸው ዱላውን መለሱት። በኤሌክትሮኒክስ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው በ1980 ዓ.ም. በውሃ ማከፋፈያ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

የጣቢያው ፓምፖች የሚታዘዙት በየመቆጣጠሪያቸው ውስጥ ባለ አንድ ዐይነት አሮጌ ፕሮሰሰር ነው። ጋሽ ፓምፕ አቧራውን እየጠረጉ፣ ማራገቢያውን እየቀየሩ፣ አንድም ሳይሞትባቸው ዓመታት አለፉ። አምራቹ ምርቱን ሊያቆም መሆኑንና የመጨረሻ ትዕዛዝ እንደሚቀበል ሲያስታውቅ፣ መጠባበቂያ እንዲገዛ አመለከቱ። የግምጃ ቤቱ ደንብ ግን የተበላሸውን ሳያስረክቡ አዲስ መጠየቅ አይፈቅድም። «የታለ የተበላሸው?» ተባሉ። የለም! ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ደንቡን ያላወጡት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አዝነውላቸው፣ «ጋሽዬ፣ አንዱን በመዶሻ ነካ አድርገው ያምጡትና እንገላገል» ቢሏቸው፣ «ጤነኛ ገድዬ ሬሳ አላስረክብም!» ብለው በሩን በላያቸው ላይ ዘግተው ወጡ።

የትዕዛዙ ቀን አለፈ፤ ምርቱም ቆመ። እርሳቸውም ሥራቸውን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ የሁለተኛው ፓምፕ ፕሮሰሰር ሞተና የላይኛው ሰፈር ውሃ አጣ። የተበላሸው ተገኘ፤ የሚገዛው ጠፋ። ይህን የሰሙት በልብ ሕመም ተኝተው ሳለ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ከባለቤታቸው ሌላ በሙያቸው የተተካች ሴት ልጃቸውና ታናሽ ወንድሟ በሕይወት ይገኛሉ። ፈጣሪ ደጅ መጥናት በሌለበት ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ትናንት ለቅሶ የደረሱት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ልጃቸውን፣ «የአባትሽን ሥራ ያላንቺ ማን ይጨርስልን?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ከቀብር መልስ እገባለሁ፤ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ እኔ አላኮርፍም። መቆጣጠሪያውን አሁን በሚመረት ሌላ ዐይነት ፕሮሰሰር እሠራዋለሁ። መጠባበቂያው ጠረጴዛዬ ላይ ሳይቀመጥ ግን ሥራውን አልጀምርም» አለች።