መኪና የሚጠጣው አልኮል

ልጄ ከይረዲን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከፋብሪካው እሳትም ከሰው ዓይንም ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። የዚህ ወደብ ከተማ፣ የሰፈራችን የካርቲየ 4 ሙቀት ግን ዘንድሮ ብሶበታል፤ አስር ሰዓት ሳይሞላ ምግብ ቤቴን አልከፍትም።

ጎረቤታችን ፋጤ «ልጇ አገር ቤት አልኮል ፋብሪካ ነው የሚሠራው» ብላ አውርታ፣ ለሟቹ አባትህ ዱዓ ያበሰልኩትን ሩዝ ሴቶቹ ሳይነኩት ተነሡ። አላለቀስኩም። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ተጠራጥሮ ነበርና በማግስቱ ሼኹ ዘንድ ሄድኩ። ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣ፣ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና የሚነዳ፣ ኢታኖል የሚባል ነገር መሆኑን አስረዳኋቸው። «ሰው ካልጠጣው ምን አለበት?» አሉኝ። ይህንኑ ፋጤ በር ላይ ቆሜ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ከአገር ቤት እየመጣ ነዳጅ የሚጭነው ደንበኛዬ፣ የቦቴ ሾፌሩ ዘከሪያ ደግሞ «ኢታኖል ማምረት ቤንዚን ከመግዛት ይበልጥ ያስወጣል» ይለኛል። «ያስወጣ! አንተ ከዚህ የምትጭነው ቤንዚን በዶላር ተገዝቶ ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው፤ የልጄ ግን ከአገሩ አገዳ ነው» አልኩት። ሳቀና ሩዝ አስጨመረ።

ስለዚህ «እዚህ ወደቡ ላይ ሥራ ተገኝቶልሃል፣ ና» የሚሉህን አትስማ። ጓንትህን አታውልቅ፣ ቁርስ ሳትበላም ሥራ አትግባ። አላህ እጅህን ይባርከው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለዒድ ስትመጣ የፋብሪካውን ቱታ ለብሰህ ና። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ፤ ከዚያ እጅህን ይዤ በፋጤ በር በኩል አሳልፍሃለሁ።

እናትህ ነጃት