ቀድሞ የሚመልሰው ሣጥን

ለምወድሽ የልጄ ልጅ፣ ለሽቦ ሐኪሟ፤

ከተለያየንበት ቀን አንስቶ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ጠናልሽ? ባልሽስ እንቅልፍ አገኘ ወይስ አሁንም ሕፃኑን ታቅፎ ቆሞ ያንቀላፋል? ትንሹ ጌታዬ፣ ስም ገና ያልወጣለት፣ በደንብ ይጠባል? እኛ ደኅና ነን። የእኔ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ የአያትሽ ምላስ ግን እንደ ወትሮው ዘይት አይሻም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር አያትሽ ጆሮዋን አብራ ስለምታነሣ ነው። አሁን መነጽሯን ደብቄ ነው የምጽፍልሽ።

ትተሽልን የሄድሽው ኮምፒዩተር እንደምታውቂው ሆዱ ባዶ ነው፤ የሚነሣበት ፋይል በውስጡ የለም። ጧት ሲነሣ እንደ ሰካራም «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ በኬብሉ ይጠይቃል። ጓዳ ያስቀመጥሽው ሌላው የኮምፒዩተር ሣጥን አድራሻ ይሰጠውና መነሻ ፋይሉን ይልክለታል፤ ከዚያ የአንቺን ፊት ያሳየናል። ሕፃኑ የተወለደ ዕለት ግን ቀጥ አለ። ፎቶውን ልኬያለሁ አልሽን፤ እኛ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠን አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆጠርን። አድራሻ አገኘሁ ይላል፣ ፋይል እያወረድኩ ነው ይላል፣ ነጥብ ይደረድራል፣ ከዚያ መልስ አጣሁ ብሎ ዝም።

ያዘዝሽኝን ሁሉ አደረግሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ በሌላም ለወጥኩት። በመጨረሻ የአድራሻውን ቁጥር ሳነብልሽ ደግመሽ አስነበብሽኝና «አባባ፣ ይሄ የእኔ ሣጥን ቁጥር አይደለም። ሌላ የሚመልስለት አለ» አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። ስልኩን ስዘጋ ግን ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ እጅ ያረፈ መሰለኝ። እዚህ ቤት ከእኔና ከአያትሽ ሌላ የሚመልስ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል።

ለማጣራት የጓዳውን ሣጥን አጠፋሁት። ኮምፒዩተሩ አሁንም አድራሻ አገኘ። እንግዲያው ብዬ ኬብሉን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። በግድግዳው ሥር፣ ከምንጣፉ በታች አልፎ ወደ አባትሽ፣ ወደ ልጄ፣ ክፍል ገባ።

እሱ ካረፈ ወዲህ ያን በር ከፍቼው አላውቅም። ስከፍተው መጋረጃው ተገልጧል፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራ የለም፣ ወንበሩ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል ወደ ኋላ ተስቧል። ከጠረጴዛው ሥር፣ የሰው ኮምፒዩተር ሲጠግን ያስነሣበት የነበረው አሮጌ ሣጥኑ እያጉረመረመ ተቀምጧል። ተመልሼ ኮምፒዩተሩን አስነሣሁና ሮጥኩ፤ በእኔ ሩጫ ማለቴ ነው። የሣጥኑ አረንጓዴ መብራት ሦስት ጊዜ ጠቀሰች፣ ቆመች። ለካ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ከአንቺ ሣጥን ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። የሚሰጠን ፋይል ግን የለውም።

«እኔ ነኝ የሰካሁት» አለች አያትሽ ከኋላዬ። ሕፃኑ የተወለደ ዕለት፣ እሱም ወሬውን ይስማ ብላ ነው።  ልነቅለው ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ፎቶው ይቅርብኝ» አለች። «ልጄን ሁለተኛ አታሳጣኝ።»

የመብራት ገመዱን ትቼላት የኔትዎርኩን ኬብል ብቻ ነቀልኩ። የጓዳውን ሣጥን መልሼ አበራሁ፤ ኮምፒዩተሩም ተነሣ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ ወረደ። መጀመሪያ ግንባሩ መጣ፤ የአባትሽ ግንባር፣ አንድ አልቀረውም። አያትሽ ስክሪኑን በመዳፏ ያዘችው። ጆሮው ግን የእኔ ነው፣ ሲያድግ ይቅር እንዲለኝ ንገሪው።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚ። የነቀልኩትን ኬብል ጠቅልዬ ኮት ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ስጽፍልሽም ዳበስኩት፣ አለ። አያትሽ ጧት ጧት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ልጁ ስንት ኪሎ እንደገባ ለሣጥኑ ታወራለታለች። እኔ ሳሎን ኮምፒዩተሩን ሳስነሣ፣ ያቺ አረንጓዴ መብራት እዚያ ክፍል፣ ያለ ኬብል፣ ሦስት ጊዜ ትጠቅሳለች። አራት ጧት እየሮጥኩ ሄጄ አየሁ። ምክንያት ይኖረዋል፣ አንቺም ታውቂው ይሆናል። ካወቅሽ ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። ወይም ተዪው፣ አትጻፊልኝ።

ልታርስሽ የመጣችውን እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ስታነቢላት አጠገቧ ተቀመጪ። ባልሽን፣ ቁጭ ብሎ እንዲተኛ አባባ አዟል በይልኝ። ትንሹን ጌታዬን ግንባሩ ላይ ሁለቴ ሳሚልኝ፣ አንዱ የእኔ አይደለም።

አያትሽ መነጽሯን እየፈለገች ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

ከሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ጧት