ደስ ያለዎትን ቁጥር

ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፤ የረገጥከው ይለምልምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴን ተሽሎኛል፣ ጣሪያው ግን ዛሬም ያፈሳል።

ቢሮውን የማጸዳለት መምህር፣ ያ እያመሰገንኩ የምጽፍልህ፣ ትናንት የጥናት መጠይቅ በግራ እጁ ሲሞላ ደረስኩበት፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ እንዲመስል ነው። ወረቀቱ እናቶችን ስንት ልጅ እንደሞተባቸው ይጠይቃል።

«እማማ፣ አምስቱን ወረቀት እርስዎ ይሙሉልኝ። ደስ ያለዎትን ቁጥር ይጻፉ፤ ለእድገት አንድ ጽሑፍ ማሳተም ይቀረኛል» አለኝ።

ደስ ያለኝን! እህትህን የቀበርኩ እናት ፊቱ ቆሜ እኔን እንኳ አልጠየቀኝም። ትፍ! መወልወያውን እዚያው ጥዬለት ወጣሁ።

አንተም ካላሳተምክ እንደማያስመርቁህ ነግረኸኛል። እባክህ ስትደውል ስንት እንዳሳተምክ አትንገረኝ፤ ማንን ጠይቀህ ምን እንዳሉህ አጫውተኝ።

አምላክ ቀኝ እጅህን ይባርክልኝ።

እናትህ