ኮዱ ሰይድ ስልክ ላይ ገባ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርሳ

ዛሬ ላፕቶፑን ስከፍት ብሮውዘሩ ያስቀመጠልኝ ፓስወርድ ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። የወልድያው ሥራ የፈተና ጥሪ ደግሞ የሚመጣው በኢሜይሌ ነው። ፓስወርዱን እኔ አላውቀውም፤ ኢሜይሉን የከፈተልኝ ሰይድ ነው፣ ያኔ ባሌ ሳለ። "ረስቼዋለሁ" የሚለውን ብነካው ኮዱ ወደ እሱ ስልክ ተልኳል አለኝ። መፋታታችንን ለኮምፒውተር ማን ይንገረው!

ከፈታኝ ወዲህ ደውዬለት አላውቅም። ቆሽቴ እያረረ ደወልኩ። ያነሳችው አዲሷ ሚስቱ ናት።

"ወአለይኩም ሰላም። ሰይድ ሰላት ላይ ነው፤ ማን ልበለው?"

ማን ትበለው? ያንን ቤት ያቀናሁት እኔ፣ የምናገረው ስም አጣሁ።

"ከመርሳ ነው" አልኳት። "ፓስወርድ ጠፍቶብኝ ነው። ኮዱ በስህተት እናንተ ስልክ ላይ ገብቷል።"

ምነው ክፉ በሆነች! ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ አነበበችልኝ። እሷ መስመር ላይ እያለች ኢሜይሉ ተከፈተ። ጥሪው ግን አልመጣም።

"አይዞሽ እህቴ" አለችኝ ልትዘጋው ስትል፣ "ሌላም የጠፋብሽ ነገር ካለ ደውይ።"