ድምፁ ሲጠፋ ለማን ይነገራል?

ሰኞ

ሳምራዊት ዛሬም አለቀቀችኝም። «ዓለም የሚጠቀምበትን እንውሰድና እንገላገል!» ትላለች። የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበውን ፕሮግራም ሁለታችን ነን የምንሠራው፤ በትርፍ ሰዓታችን፣ በነፃ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የሚጠቀሙበት በአብዛኛው ዓይነ ስውራን ናቸው። አሁን የጎደለን ሰዎች ብልሽት ሲገጥማቸው የሚያሳውቁበት መሣሪያ ነው። ካየናቸው አማራጮች የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ዝነኛው፣ ሲያዩት የሚያምር። ሌላው መልኩ ደባሪ፣ ግን በራሳችን ሰርቨር ላይ የሚጫን፣ ወደ አማርኛም የሚመለስ። መነካካት አማረኝ።

ማክሰኞ

ሩዋንዳ ሰፈር ካለው የመደበኛ ሥራዬ ቢሮ ሰው ሁሉ ሲወጣ ስክሪኔን አጥፍቼ ዝነኛውን በጆሮ ብቻ ሞከርኩት። ስም ገባ። ኢሜይል ገባ። ከዚያ «ምስል» አለና ጸጥ። ስክሪኑን ባበራው ለካ ሰው መሆኔን ላረጋግጥ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ እያለኝ ነው! ማየት ያልቻለ ሰው አይደለም ማለት ነው? ለሳምራዊት ላክሁላት። «ኧረ በናትሽ!» ብቻ። ዝነኛው ወደቀ። ደባሪው ግን ዓይኔን ጨፍኜም እስከ መጨረሻው አደረሰኝ።

ረቡዕ

ደባሪውን ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመርኩ። የፕሮግራም ስህተት የሚሉት «ባግ» በአማርኛ ምን ይባል? ሳምራዊት «ሳንካ» ትወዳለች። እኔ «ብልሽት»፤ ማንም ይገባዋል። አሸነፍኩ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር፦ የፕሮግራማችንን አዲስ እትም ከለቀቅን ወዲህ በኢሜይል አንድም ቅሬታ አልመጣም። «ጎበዝ ሆነን ነዋ!» ትላለች ሳምራዊት። እኔንጃ።

ዓርብ

ትናንት በሰው በኩል የአንድ ተጠቃሚ ስልክ አግኝቼ ደውዬ ነበር። ጋሽ ኑረዲን ይባላሉ፣ የታሪክ መምህር። ዛሬ የደባሪውን የብልሽት ማሳወቂያ ፎርም እንዲሞክሩልኝ ቦሌ አራብሳ ቤታቸው ሄድኩ። ላፕቶፑን ከፈቱ። ፕሮግራማችን ዝም።

«ፕሮግራሙ ከታደሰ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

«በምን ልንገራችሁ፣ ልጄ? የምጽፈውን የሚያነብልኝ እሱ፣ ዝም ያለው እሱ።»

ለሁለት ጓደኞቻቸው ደወሉ። እነሱም ጋ ያው። የምገባበት ጠፋኝ። እኛ ደግሞ ቅሬታ የለም ብለን ስንፎክር!

«ምን ብናደርግ ይሻላል?» አልኳቸው።

«አንድ ቁልፍ። ተጭኜ ላውራ፣ እናንተ ስሙኝ።»

ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ቅዳሜ

መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ከሳምራዊት ጋር ዋልን። ጥፋቱ ተገኘ፦ ከአዲሱ እትም ጋር አንድ ፋይል ሳንጨምር ቀርተናል። እኛ ኮምፒውተር ላይ ከድሮው ስለነበረ አላየነውም። ማስተካከያው በራሱ እንዲጫን አድርገን ለቀቅነው። ደባሪውን መሣሪያ መረጥን፤ ቁልፉንም ጨመርንበት። ሲጫኑት ድምፅ ቀድቶ ይልክልናል፤ ፕሮግራሙ ዝም ቢልም እሱ ይሠራል። ሳምራዊት ቀኑን ሙሉ ስለ ዝነኛው አላነሳችም።

እሑድ

ጋሽ ኑረዲን ደወሉ። «ተናገረ!» አሉ።

ከሰዓት ደግሞ የመጀመሪያው የድምፅ ሪፖርት መጣ፣ ከማላውቃት ሴት። «ሰላም ነው? እህቴን ምሳ ደረሰ ወይ ብላት ‹ገና ነው› ብላ ጻፈችልኝ። ፕሮግራሙ የገናን በዓል አድርጎ አነበበው። እባካችሁ አስተካክሉት፣ እየሳቅን ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ግን እውነቷን ነው፤ ሁለቱ ሲነበቡ አንዱ ላልቶ ሌላው ጠብቆ ቢለያዩም ሲጻፉ አንድ ናቸው። እኛ እንኳ የምንለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ማሽን በምን ይለየው? ለጊዜው አላውቅም። ለሳምራዊት ላክሁላት፤ ደባሪው ላይ «ብልሽት ቁጥር አንድ» ብላ መዘገበችው።